ቋሚና ማገር፦ የሠፈር የጥበብ ልምምድ ስለሚመሩ ከያንያን



በጭቃ ቤት ሥራ ቋሚ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። እንጨቱ የቱንም ያህል የጸና ጽድ ቢሆን፣ ከጎረቤቱ ጋር በማገር ካልተያያዘ ጭቃውን ሊሸከም፣ ነፋሱንም ሊቋቋም አይችልም። የዘመኑ መሐንዲስ ዓምዶችን በአግዳሚ ቢም የሚያስተሳስረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በየሠፈሩ ሕፃናትን፣ ወጣቶችንና አዛውንትን ሰብስቦ ውዝዋዜ፣ ቴአትር፣ ሥዕል ወይም ሙዚቃ የሚያለማምደው ከያኒ በዚህ አነጋገር ቋሚ ነው። ማገሩ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ለጥያቄው ሳሪስን መመልከት ይበቃል። ሳሪስ ከመሐል አዲስ አበባ ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ በሚወስደው በደብረ ዘይት መንገድ ዳርና ዳር፣ ፋብሪካዎችን ተከትሎ ያደገ ሠፈር ነው። እንጀራ ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሠራተኛ በአንድ ግቢ ተጎራብቶ ይኖርበታል፤ የአንዱ እስክስታ ለሌላው እንግዳ፣ የአንዱ ዜማ ለሌላው አዲስ ነው። እንዲህ ባለ ሠፈር የጥበብ ልምምድ ለመዝናኛ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስተዋውቅ ሥራ ነው።

ይሁንና ይህን ሥራ የሚመራው ከያኒ የሚገጥመው ችግር በጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት ስለ መሥመርና ስለ ቀለም፣ ስለ እርምጃና ስለ ድምፅ ተምሯል። በልምምዱ ክፍል ውስጥ ግን ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ይደክምበታል፤ ሴት ልጃቸው በሰው ፊት መወዛወዟን ያልወደዱ አባት በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ አንዲት ወጣት እንደ ፈጠራ አድርጋ ያቀረበችው ጭውውት የራሷ ቤት ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በዚያች ሰዓት ምን ማለት፣ ለማን መንገር፣ ምንስ አለማድረግ ይገባል? ይህን ብቻውን የሚመልስ ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል፤ ወይም ሸክሙ ከብዶት ሥራውን ይተወዋል። በመጀመሪያው ተጎጂው ልጁ ነው፤ በሁለተኛው ሠፈሩ።

ሀገራችን በዚህ ረገድ ልምድ የሌላት አይደለችም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የቀበሌ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ፣ በየቀበሌው፣ በየከፍተኛውና በየፋብሪካው የኪነት ቡድኖች ተመሠረቱ። ብዙ ወጣት መጀመሪያ መድረክ የረገጠው በእነዚህ ቡድኖች ነው። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ። ነገር ግን የኪነት ቡድኖቹ ትስስር ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ነበር፤ መመሪያውም፣ የዝግጅቱ ርእስም ከላይ ይመጣ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የላይኛው ስለተበጠሰ፣ አብዛኞቹ ቡድኖች ተበተኑ። ቋሚው ከጣሪያው ጋር እንጂ ከቋሚው ጋር አልታሰረም ነበርና።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አቀናባሪ ሮይስተን ማልዱም አንድ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን አሰልጥኖ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ የታጀበ ትርኢት በአዲስ አበባ አቀረበ። ከዚያም የተመረጡ 18 ወጣቶች «አዱኛ» በተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር የ5 ዓመት ሥልጠና ጀመሩ። የሥልጠናው ግብ ጥሩ ተወዛዋዥ ማውጣት ብቻ ሳይሆን፣ ተመልሶ ሌላውን የሚያስተምር ሰው ማፍራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በለንደን «ካንዶኮ» የተባለውን ቡድን ከሴለስት ዳንዴከር ጋር የመሠረተው አዳም ቤንጃሚንም፣ አካል ጉዳት ያለበትና የሌለበት ሰው በአንድ መድረክ አብረው የሚወዛወዙበትን ዘዴ ለአዱኛ ወጣቶች አስተምሯል። ከአዱኛ የወጡት ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በኋላ «ዴስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አምስት ዓመት አብሮ የተማረ ሰው የጓደኛውን ብርታትና ድካም ያውቃል፤ ሲቸግረው የሚጠይቀው፣ ሲሳሳት የሚነግረው አለው። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ሠፈሩ የሚመለስ ከያኒ ግን ዕውቀት ያገኝ ይሆናል እንጂ ባልንጀራ አያገኝም።

የቅኔ ቤትም ይህንኑ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የበሰለው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን እያስተማረ፣ ራሱ ደግሞ ከመምህሩ ሥር ይማራል፤ ማንም ብቻውን አስተማሪ አይሆንም። በምሕንድስናም ቢሆን የወጣቱ ባለሙያ ንድፍ በሌላ ባለሙያ ዓይን ሳይመረመር ወደ ግንባታ ቢያልፍ፣ አደጋው የሚወድቀው በውስጡ በሚኖሩት ሰዎች ላይ ነው። የሰው ልጅ መንፈስ ከአርማታ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም።

ስለሆነም እንደ ሳሪስ ባለ ሠፈር ማገሩን ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የመጀመሪያው፣ ልምምድን ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ መምራት ነው፤ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ያስተውላል፤ ልጆችም ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻ ተዘግተው አይውሉም። ሁለተኛው፣ በወር አንድ ቀን አንዱ መሪ የሌላውን ልምምድ ሄዶ ማየትና ያየውን በቅንነት ለብቻው መንገር ነው። ሦስተኛው፣ በእድር ሥርዓት የሚመራ ወርኃዊ ስብሰባ ነው። ሠፈርተኛው እድርን አሳምሮ ያውቃል፤ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ መዋጮው፣ የቀረ የሚቀጣበት ደንብ አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ ስብሰባ እያንዳንዱ መሪ የከበደውን ጉዳይ የልጁን ስም ሳይጠራ ያቀርባል፤ የተገኘው መፍትሔም በመዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም ከዓመት ዓመት ለአዲስ መሪዎች መማሪያ ይሆናል። ጉዳዩ ከመሪዎቹ አቅም በላይ ሲሆን ወደ የትኛው ሐኪም፣ ወደ የትኛው የሕግ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል እንደሚላክ አስቀድሞ ተጠንቶ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይሰፍራል።

እንዲህ ያለው ማኅበር ከላይ እስኪታዘዝ መጠበቅ አያሻውም፤ ረጂ ድርጅት ሲመጣ አይወለድም፤ ሲሄድም አይሞትም። የሙያ ማኅበራት ሊያደርጉት የሚችሉት በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚውለውን አዳራሻቸውን መፍቀድና የራሳቸውን የእርስ በርስ ምርመራ ልምድ ማካፈል ነው። የቀረው የመሪዎቹ ሥራ ነው፤ እርሱም በሁለት ሰዎች ይጀመራል።