ታርጋው ቢቀየርም ሻንሲው ይናገራል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በታሪክ ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



በዛሬው ዕለት ይዘን የቀረብነው ጉዳይ የሁለት አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች ታሪክ ነው። ይኼ ደግሞ ከሠፈራችን ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። በየቤታችን አንድ አብራሪ፣ አንድ መካኒክ፣ አለዚያም የነሱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይገኛል። እንግዲህ ጉዳዩ የኛው ነው ማለት ነው።

አውሮፕላኖቹ ፋየርፍላይ ይባላሉ። የሠራቸው የእንግሊዙ ፌይሪ ኩባንያ ሲሆን፣ ዓይነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ነው። ሁለት ሰው ይይዛል፤ አራት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፍ አለው፤ ሞተሩ የሮልስ ሮይስ ግሪፈን ነው። ከመርከብ ላይ እንዲነሣ የታሰበ በመሆኑ ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የካናዳ ባሕር ኃይል ተረከባቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ የተወሰኑት ለኢትዮጵያ ተሸጡ። ያን ጊዜ አየር ኃይላችን ከስዊድን የመጡትን ሳዓብ 17 አውሮፕላኖች ይዞ፣ በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት የሚደራጅበት ዘመን ነበር።

ዘመናቸው ሲያልፍ አውሮፕላኖቹ ቆሙ። በ1993 ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ወደ ካናዳ ተወሰዱ። ዛሬ አንደኛው ኦታዋ በሚገኘው የአቪዬሽንና የጠፈር ሙዚየም፣ ሁለተኛው በሺርውተር የአቪዬሽን ሙዚየም ይገኛል።

ለመሆኑ ይህን ያህል ዘመን የቆመ አውሮፕላን የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ነገሩ ከመኪና ብዙም አይለይም። መኪና ሲሸጥ ታርጋው ይቀየራል፣ ቀለሙም ይቀየራል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ግን ያው ነው። እንግሊዞችም ለእያንዳንዱ የጦር አውሮፕላን ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱን ፊደልና ቁጥር ይሰጡት ነበር። የኦታዋው ዲኬ 545 ነው፤ የሺርውተሩ ፒፒ 462። አገር ሲለውጥ አዲስ ቁጥር ከላዩ ይጻፍበታል። ስለሆነም የሚመረምረው ሰው ቀለሙን በጥንቃቄ ንብርብር በንብርብር እየፋቀ የድሮውን ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ከአካሉ ጋር የተመታችውን የፋብሪካ ሰሌዳ ያነብባል፤ ከዚያም ያገኘውን ከርክክብ ወረቀትና ከጥገና መዝገብ ጋር ያመሳክራል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። መለዋወጫ ሲያጥር መካኒክ ከቆመው ፈትቶ ለሚበረው ይገጥማል። በዚህም የተነሣ ክንፉ ከአንዱ፣ ሞተሩ ከሌላው የሆነ አውሮፕላን ይገኛል። የሞተር ቁጥር ብቻ አይቶ ማንነቱን መወሰን አይቻልም፤ ዋናው መለያ የአካሉ ቁጥር ነው።

ብረቱ ይህን ያህል ይናገራል። የማይናገረው ግን አለ። እነዚህ አውሮፕላኖች በካናዳ ያገለገሉት ከ10 ዓመት ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ምድር የቆዩት ከ30 ዓመት በላይ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ታሪካቸው በዋናነት የሚነገረው እንደ ካናዳ ባሕር ኃይል ቅርስ ነው። በዚህ ካናዳውያንን አንወቅስም፤ ወረቀታቸውን ጠብቀዋል፣ አሮጌ ብረትም ቢሆን ፈልገው ወስደዋል። የኛን ምዕራፍ ግን ሊጽፉልን አይችሉም። ሌሊት ሞተሩን ሲፈታ ያደረው ማን ነበር? መድፉን ማን ያጎርስ ነበር? በጅራቱ ላይ የኛን ቁጥር የቀባው ማን ነው? ይህ በሰሌዳ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ሳጥን ውስጥ ባለ ፎቶግራፍና በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን የሠሩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ የቀሩትም አርጅተዋል።

ስለዚህ ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ አባቶቻችን ትተውት የሄዱትን የሥራ ደብተር፣ የምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ ቤት ሲጸዳ ለቆራሌው አትስጡብን።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ። ስም የሌለው ፎቶ ቁጥሩ እንደተፋቀ አውሮፕላን ነው።

ሦስተኛ፣ ወጣቶች ከጡረተኞቹ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትንም በስልካችሁ ቅዱ። ደጃቸው ሩቅ አይደለም።

የምታመጡትን ኮሚቴው እያየ ይመዘግባል፤ ዋናው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። የካናዳዎቹ ሙዚየሞች ብረቱን ይዘውልናል። ያነሡትንና ያሳረፉትን ሰዎች ስም መያዝ ግን የኛ ድርሻ ነው።