ጢሱ ወዴት ይሄዳል? ከሁዋይ ወንዝ የተገኘ ትምህርት ለመሐንዲሶች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት ለአንድ ፋብሪካ የቦይለር ክፍል ፕላን ሳዘጋጅ የነዳጁን ፍጆታ፣ የውሃውን ሙቀትና የእንፋሎቱን ግፊት አንድ በአንድ አስልቼ ነበር። ስለ ጢሱ ግን በወረቀቱ ላይ ያሰፈርሁት ከጢስ ማውጫው ጫፍ ወደ ላይ የምታመለክት አንዲት ቀስት ብቻ ናት። ቦይለሩ በተፈተነበት ቀን ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ይህ ጢስ ወዴት ነው የሚሄደው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ወደ ላይ ነው፣ እማማ» አልኋቸው። እሳቸውም በገመድ ላይ የተሰጣውንና ጥቀርሻ የነካውን ነጠላቸውን አሳይተውኝ ዝም አሉ። የዛሬው ንግግሬ ያን ጊዜ በወጉ ሳልመልሰው የቀረሁትን ጥያቄ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው።

ለጥያቄው ግልጽ መልስ ከሰጡት ምሳሌዎች አንዱ የሚገኘው በቻይና አገር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ1950ዎቹ አንሥቶ በማዕከላዊ ፕላን ዘመን የቻይና መንግሥት ከሁዋይ ወንዝና ከቺንሊንግ ተራሮች በስተ ሰሜን ለሚገኙ ከተሞች በብርድ ወራት ለማሞቂያ የሚሆን የድንጋይ ከሰል በነፃ ያቀርብ ጀመር። በጀቱ ለመላው አገር ስለማይበቃ ከወንዙ በስተ ደቡብ ያለው ሕዝብ የዚህ ዕድል ተካፋይ አልሆነም። ብርድ ራሱ ገዳይ ነውና ውሳኔው የሕዝብን ችግር ለማቃለል የታሰበ እንደ ነበረ መካድ አይገባም። ዳሩ ግን በሰሜን በኩል በየዓመቱ አራት ወር ያህል የሚነዱት ቦይለሮች የሚተፉት ጢስ በማንም ሒሳብ ውስጥ አልገባም ነበር።

በ2013 ዩዩ ቼን፣ አቭራሃም ኢበንስታይን፣ ማይክል ግሪንስቶንና ሆንግቢን ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ወንዝ እንደ መለኪያ መስመር ወስደው ጥናታቸውን አወጡ። በወንዙ ግራና ቀኝ አጠገብ ለአጠገብ የሚኖሩት ሰዎች በአኗኗራቸው እምብዛም አይለያዩም፤ የነፃው ከሰል ግን ለአንደኛው ወገን ደርሶ ለሌላው አልደረሰም። በዚህም መሠረት በሰሜኑ አየር ውስጥ ያለው ብናኝ 55 በመቶ ያህል በልጦ፣ የሕዝቡም አማካይ ዕድሜ 5.5 ዓመት ያህል አጥሮ ተገኘ። የሞቱ ብልጫ የታየው በልብና በመተንፈሻ አካላት በሽታዎች ሲሆን፣ ከአየር ጋር ግንኙነት በሌላቸው በሽታዎች ዘንድ ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። በ2017 በአዲስ መረጃ ላይ የተመሠረተ ሌላ ጥናት የዕድሜውን ጉድለት 3.1 ዓመት ያህል አድርጎታል። ቁጥሩ ቢቀንስም ፍርዱ አልተለወጠም።

ይህ ጉዳት እንዴት ይደርሳል? ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ብናኝ ከራስ ፀጉር ሃያ እጅ ያህል የቀጠነ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አያግዱትም። እስከ ሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ዘልቆ፣ እጅግ የደቀቀው ወደ ደም ይገባል፤ የደም ሥሮችን ያቆስላል፤ ልብንም ያደክማል። ስለዚህ ነው ሟቹ በጢስ ሞተ ሳይባል በልብ ድካም ሞተ ተብሎ የሚቀበረው።

«ወደ ላይ ነው» ማለቴም ስሕተት ነበር። በቀዝቃዛ ሌሊት ሞቃት አየር ከላይ እንደ ክዳን ሲቀመጥ ጢሱ ከመንደሩ አይርቅም። ነፋስ ባገኘ ጊዜም ደቃቁ ብናኝ በመቶ የሚቆጠር ኪሎሜትር ተጉዞ ቦይለሩን ዐይቶ የማያውቅ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ረጅም የጢስ ማውጫ ጢሱን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጉዳቱ ግን የማይመለስ ዕጣ አይደለም። ቻይና በ2013 ብሔራዊ የአየር ንጽሕና ፕላን አውጥታ የከሰልን ፍጆታ በመገደብ፣ በፋብሪካዎች ላይ ማጣሪያ በማስገባትና ማሞቂያዎችን ወደ ጋዝና ኤሌክትሪክ በመለወጥ እስከ 2021 ድረስ የደቃቁን ብናኝ መጠን ከ40 በመቶ በላይ ቀንሳለች። ሆኖም በ2017 የብርድ ወራት የከሰል ምድጃዎች ከተነሡ በኋላ ጋዙ በበቂ ስላልደረሰ በአንዳንድ ሥፍራ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ያለ ሙቀት ቀርተው ነበር። እንግዲህ ጢሱን የረሳ ፕላን ጎዶሎ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ብርዱን የረሳ ፕላንም ጎዶሎ ነው።

እኛ የቤት ማሞቂያ ቦይለር የለንም፤ ጢስ ግን አለን። በአገራችን አብዛኛው ቤተ ሰብ የሚያበስለው በማገዶና በከሰል ነው። ብዙው ማድ ቤት የጢስ መውጫ ስለሌለው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዱት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በሳሳው አየር ውስጥ ያረጁ ሞተሮች ነዳጃቸውን በሚገባ አያቃጥሉም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ለደቃቅ ብናኝ የወሰነው ዓመታዊ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 5 ማይክሮግራም መሆኑን ስናስብ የሚጠብቀን ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ስለሆነም በበኩሌ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የምንነድፈው ማናቸውም ምድጃ፣ ቦይለርና ፋብሪካ የጢሱ መጠንና መድረሻ ከነዳጁ ፍጆታ ጋር ጎን ለጎን ይሰላ። ሁለተኛ፣ ተከላው ካበቃ በኋላ በአካባቢው ያለው አየር ይለካ፤ ያልለካነውን ልናርም አንችልምና። ሦስተኛ፣ የምንሠራው የመኖሪያ ቤት ሁሉ ጢሱ በወጉ የሚወጣበት ማድ ቤት ይኑረው። ይህ ሳይሆን የፕላን ፊርማችንን አናኑር።

ያችን ቀስት ዛሬ ብሥላት ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ አላቆማትም ነበር። አጥሩን አልፋ እስከ እኒያ እናት ደጃፍ፣ ከዚያም እስከ ደረታቸው ድረስ እስባት ነበር።