ሳይገነዝ የሚነሣ ፎቶግራፍ



በእኛ አገር በሲሪንቃ ሰው ሲሞት ቅሬው ወዲያው ይሰበሰባል። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆፍራል፤ ሬሳው ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይቀበራል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን አሟሟቱ ያጠራጠረ እንደ ሆነ፣ የመታጠቢያው ውሀ ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ዛሬ ልንናገርለት የመረጥነው የሬሳ ምርመራ ረዳትና ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሐኪሙ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲመሰክር ስሙ ይጠራል፤ የረዳቱን ስም ግን የሚያነሣ የለም። ሥራው ይኸውላችሁ፦ በመጀመሪያ ሬሳውን ከነልብሱ ያነሣዋል፤ ቀጥሎ ልብሱ ወልቆ፣ ደሙ ሳይታጠብ፤ ከዚያም ታጥቦ። ቁስሉን በቅርብ ሲያነሣ ማስመሪያና የመዝገብ ቁጥር አጠገቡ ያኖራል፤ ካሜራውንም ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ካጋደለው የቁስሉ ልክ ይዛባልና። ደረትና ሆድ ይከፈታል፣ ልብና ጉበት ይመዘናል፣ በመጨረሻም ገላው ይሰፋል። ዘመዶች የሚፈሩት መከፈቱን ነው፤ እንደሚሰፋ የሚነግራቸው ጥቂት ነው።

የአርጀንቲና ባለሙያዎች በ1994 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ኮተቤ ላይ በደርግ ዘመን የተገደሉትን ሲያወጡ፣ የታነቁበት የናይሎን ገመድ ከአንገታቸው አልተፈታም ነበር። ገመድ ይቆያል፤ የጣት ሰንበር ግን ከሥጋው ጋር ይጠፋል።

ለብዙ ዘመን ሬሳ ከየክፍለ ሀገሩ ለምርመራ የሚመጣው አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ነበር። ከሲሪንቃ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለቀስተኛ ደጅ ተቀምጦ ሳለ ይኸን መንገድ ማን ይመርጣል? ሕክምና የምታጠኑ ጓደኞቻችን ወደዚህ ክፍል በብዛት ግቡ፤ በየወረዳው ካሜራና ማስመሪያ የያዘ የሠለጠነ ሰው ይገኝ እንጂ፣ የቅሬውን ሽማግሌዎች ግማሽ ቀን ታገሡን ብለን ለመለመን እኛው እንሄዳለን።