አዲስ ኮምፒዩተር ስለ ምን ይግላል?



በተማሪ እጅ የተገጣጠመ አዲስ ኮምፒዩተር ገና እንደ ተከፈተ ግሎ ሲጠፋ፥ ብዙ ሰው «ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል፤ ሌላ ይገዛ» ብሎ ይፈርዳል። ይህ የችኮላ ፍርድ ነው። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካልበቃ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ መጥፋቱ ብቻውን የመበላሸቱ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ምክንያቱን በተራ እንፈልግ። አንደኛ፥ ባዮስ የሚባለውን ገጽ ከፍተን የሙቀቱን ልክ እናንብብ። ከባድ ሥራ ሳይሰጠው በጥቂት ደቂቃ ከ90 ዲግሪ በላይ ከወጣ፥ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ማራገቢያው መዞሩን፥ ሽቦውም «ሲፒዩ ፋን» ተብሎ በተጻፈበት ቦታ መሰካቱን እንይ። ሦስተኛ፥ ኤሌክትሪኩን ነቅለን በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ማቀዝቀዣ በዝግታ እናንሣ። ከሥሩ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ሳይላጥ ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ አሮጌውን ቴርማል ፔስት ጠርገን፥ የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ እናድርግበት። አየር ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፤ ፔስቱ ግን በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት ይሞላል። በመጨረሻም ማቀዝቀዣው እንዳያዘነብል ብሎኖቹን በሰያፍ፥ ጥቂት በጥቂት እናጥብቅ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ሳይመረምር የሚፈርድ የወላጆቹን ገንዘብ ያባክናል፤ መርምሮ የሚፈርድ ግን ገንዘቡንም ያድናል፥ ዕውቀትም ያተርፋል። በክፍል የተማርነው የሙቀት ሕግ በእጃችን ሥራ ሲገለጥ፥ ትምህርታችን ፍሬ አፈራ ማለት ይህ ነው።