ባለቤት ያልወጣለት ዋንጫ
(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ በስፖርት ክፍሉ ስም የተነበበ ንግግር)



የስፖርት ክፍላችን በዛሬው ማታ እንዲናገር በታዘዘ ጊዜ፥ ብዙዎቻችሁ ስለ ማልያና ስለ መጫወቻ ሜዳ እጥረት አቤቱታ ልናሰማ የመጣን ሳይመስላችሁ አልቀረም። ያም አቤቱታ አለን፤ ነገር ግን ለሌላ ቀን ይደር። ዛሬ የምንናገረው ተጀምሮ ሳይፈጸም ስለ ቀረ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ አሸናፊ ስለ ተዘጋው የእግር ኳስ ዘመን፥ ይልቁንም ስለ ኢትዮጵያ ዋንጫ ነው። ወሬው የአገር ሁሉ ሲሆን፥ እኛ ሶዶ ላይ ቆመን የምናየው ግን ከሌላው ጥቂት ለየት ይላል።

አስቀድመን ስለ ጥሎ ማለፍ ጠባይ አንድ ቃል እንበል። የሊግ ውድድር እንደ ገበሬ አዝመራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ነጥብ ይለቀማል፤ በመካከል ቢቋረጥ እንኳ እስከዚያ የተለቀመው ይታያል፥ ይቆጠራል። ጥሎ ማለፍ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚያ የሚከማች ነገር የለም። ዛሬ ያሸነፈ ሁሉ ለነገ ከባዶ ይጀምራል፤ የመጨረሻዋ ጨዋታ እስካልተደረገች ድረስ ማንም ከማንም አይበልጥም። እንግዲህ ሊግ በግማሽ ቢቆም ቢያንስ ክርክር ይተርፋል፤ ጥሎ ማለፍ በግማሽ ቢቆም ግን ለክርክር እንኳ የሚሆን ነገር አይገኝም።

ይህ ለሶዶ ሕዝብ ተራ ነገር አይደለም ስንል ምክንያት አለን። ወላይታ ድቻ የተመሠረተው በ2001 ዓ.ም. ነው። ስሙም በወላይትኛ ማደግ ማለት ነው፤ ቡድኑም እንደ ስሙ አደገና ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሪሚየር ሊጉ ተሰለፈ። ሊጉን ግን እስከዚያ ዘመን ድረስ አላሸነፈም። ገንዘብ ያላቸው፥ ብዙ ዘመን የቆዩ ክለቦች በተሰለፉበት ረጅም ውድድር የአንድ ዞን ቡድን እስከ መጨረሻው አንደኛ ሆኖ መዝለቁ ቀላል አይደለምና። በ2009 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደረሰና መከላከያን በመለያ ምት ረታ። ዋንጫው ዳሞታ ተራራ ሥር ገባ። ያን ሰሞን ሶዶ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያልነበራችሁም እስክትሰለቹ ድረስ ሰምታችኋል።

ትልቁ ነገር ግን ዋንጫው ራሱ አልነበረም፤ ዋንጫው የሚከፍተው በር ነበር። ጥሎ ማለፉን ያሸነፈ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ኢትዮጵያን ይወክላል። ድቻም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አሳለፈ፤ ቀጥሎ የደረሰው ግን የግብጹ ዛማሌክ ነበር። ዛማሌክ እ.ኤ.አ. በ1911 የተቋቋመ፥ የአፍሪካን ታላቁን የክለቦች ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰደ ክለብ ነው። የእኛው ቡድን ያን ጊዜ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ የካቲት 28 ቀን ሐዋሳ ላይ ተደረገ። ሕዝቡም ቦዲቲን፥ ሐላባንና ሻሸመኔን አቋርጦ ወደዚያው ጎረፈ። ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። መጋቢት 8 ቀን ካይሮ ላይ ደግሞ በዚያው ቁጥር 2 ለ 1 ተሸነፈና ነገሩ ወደ መለያ ምት ሄደ፤ እዚያም 4 ለ 3 አሸንፎ ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጣ። አያቶቻችን በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደበትን ቀን ሲያወሩ እናውቃለን። የልጅ ልጆቹም የራሳቸውን ወሬ ያገኙት ያን ማታ ነው። ከዚያ በኋላ የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ዳሬ ሰላም ላይ 2 ለ 0 አሸነፈን፤ ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 ብንረታም አልበቃንም። የሆነ ሆኖ ከሶዶ እስከ ካይሮ የሚወስድ መንገድ መኖሩ ታወቀ። መንገዱም ጥሎ ማለፍ ነበር።

አሁን ወደ 2012 ዓ.ም. እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ መጋቢት 7 ቀን፥ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ፥ ስፖርታዊ ውድድሮችና ትልልቅ ስብሰባዎችም ለ15 ቀን እንዲቆሙ መንግሥት አዘዘ። ጥቂት ቆይቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተሸኙ። አሥራ አምስቱ ቀን ሌላ ቀን ወለደ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በመጨረሻም ሚያዝያ 27 ቀን የዓመቱ ውድድር ፈጽሞ መሰረዙ ተነገረ። ሻምፒዮን የለም፤ ወራጅ የለም። ፋሲል ከነማ ሊጉን ይመራ ነበር፤ መምራቱ ግን ምንም አላስገኘለትም። የኢትዮጵያ ዋንጫም በባለ ዋንጫዎች ዝርዝር ውስጥ የዚያን ዓመት ቦታ ባዶ ትቶ ቀረ። ከዚያ በፊት የነበረውን፥ የ2011ን ዋንጫ፥ ሐዋሳ ከተማን በመለያ ምት ረትቶ የወሰደው ራሱ ፋሲል ከነማ ነበር።

ውሳኔው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ጨዋታውን በማቆሙ ረገድ እኛ አንዳች ክርክር የለንም። በአንድ ሜዳ ጠርዝ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የሚጮኽ ሕዝብ ለእንዲህ ያለው በሽታ የተመቸ ነው። አገራችንም ይህን ከዚያ በፊት አይታዋለች። በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ የማያውቅ የለም፤ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተሰብስቦ የሚቃጠለው፥ መንደሩ የሚታጠነው እርሱን በማሰብ ነው። ደግሞም በዚያ ሰሞን «ሰው እየሞተ ስለ ኳስ ይወራልን?» ይሉ የነበሩ ሽማግሌዎች አላጠፉም። እኛም የምንናገረው ሰው ከሞት ከተረፈ በኋላ ስለሚጠይቀው ነገር ነው።

ሌሎች አገሮችስ ምን አደረጉ? ፈረንሳዮች የሊጉን ነጥብ ባለበት አስልተው ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን ሻምፒዮን አሉት፤ የዋንጫውን ፍጻሜ ግን በሐምሌ ወር ጥቂት ተመልካች አስገብተው አጫወቱ። እንግሊዞች ፍጻሜውን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2020 ባዶ በሆነው ዌምብሌይ አደረጉና አርሰናል ቼልሲን 2 ለ 1 አሸነፈ። እጅግ የሚገርመው የእስፓኝ ነገር ነው። ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ የባስክ ክለቦች፥ ሪያል ሶሲየዳድና አትሌቲክ ቢልባኦ፥ «ያለ ሕዝባችን አንጫወትም» ብለው ቀኑን አስተላለፉ። አንድ ዓመት ያህል ጠበቁ። ሕዝብ ግን አልተፈቀደምና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በባዶ ስታዲየም ተጫውተው ሶሲየዳድ 1 ለ 0 ወሰደ። ይህን ስንሰማ መሳቅም ማዘንም ያምረናል። ከእኛ ጋር የሚመሳሰሉት ግን ሆላንዶች ናቸው፤ ሊጉን ያለ ሻምፒዮን ዘጉ፥ የፌይኖርድና የኡትሬክትንም የዋንጫ ፍጻሜ ጨርሶ ሰረዙ። በዚህ የተጎዳው ማን ነው ብትሉ፥ ኡትሬክት ነው። ሊጉ በዚያ ደረጃ ሲዘጋ ወደ አውሮፓ ውድድር የሚያደርሰው ሥፍራ ላይ አልነበረም፤ የቀረው በር ያ አንድ ጨዋታ ነበርና። በፍርድ ቤት ከሰሰ፥ ተረታም።

የኡትሬክት ጉዳይ የሶዶ ጉዳይ ነው የምንለው በዚህ ነው። ውድድር ሲሰረዝ «ሁሉም እኩል ተጎዳ» ይባላል፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። ትልቁ ክለብ በሚመጣው ዓመት በሊጉ በኩል ዞሮ ይመጣል። ትንሹ ግን በአምስትና በስድስት ጨዋታ አገር የሚያንቀጠቅጥበት ዕድል ያለው በጥሎ ማለፍ ብቻ ነው። የእኛው ዋንጫ ደግሞ ለአንድ ዓመት ብቻ ተቋርጦ አልቀረም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የሄዱት በሊጉ ሁለተኛ የወጡት ኢትዮጵያ ቡና፥ ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማ ነበሩ። ክለቦቹን አንነቅፍም፤ በላባቸው ያገኙት ነው። ነገር ግን በዚያን ያህል ጊዜ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር ማለት ነው። ዋንጫው ተመልሶ በ2016 ዓ.ም. ባለቤት ሲያገኝ ኢትዮጵያ ቡና ወሰደው።

ሌላም የተወሰደ ነገር አለ። ሊጉ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሲመለስ እንደ ዱሮው በደርሶ መልስ በየከተማው አልተመለሰም። ለበሽታው ጥንቃቄና ለቴሌቪዥን ሥርጭቱም እንዲመች ተብሎ ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ በመጀመሪያ አዲስ አበባ፥ ቀጥሎ ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ሶዶ ከነዚያ መካከል አልነበረችም። ስለዚህ ድቻን ለማየት የሚፈልግ የአረካ ወይም የገሱባ ሰው ዲሽ ያለበት ሻይ ቤት መፈለግ ነበረበት። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በጨዋታ ቀን ቆሎና ሸንኮራ ትሸጥ የነበረች እናት፥ ከመነኻሪያ እስከ ሜዳ የሚመላለሰው ባለ ባጃጅ፥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያይ የነበረው ልጅ ከዲሹ ምን አገኙ? አንድ ክለብ ሜዳው ላይ መጫወት ሲያቆም ለደጋፊው እየራቀ፥ ለበጀት ሰጪው ግን ወጪው እየበዛ ይሄዳል፤ አብዛኞቹ ክለቦቻችን ደግሞ በመንግሥት በጀት የሚኖሩ መሆናቸውን ታውቃላችሁ።

ስለ ራሳችን ስንናገር የባሰ የደረሰባቸውን መርሳት ነውር ይሆናል። በዚያ በተሰረዘው ዓመት ከነበሩት 16 ክለቦች መካከል የመቀሌ 70 እንደርታ፥ የወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና የስሑል ሽረ ክለቦች ይገኙ ነበር። «ወራጅ የለም» ተብሎላቸው ነበር። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣና ሊጉ በ13 ክለቦች ተጀመረ፤ እነርሱ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። በሽታው ያቋረጠውን ጨዋታ ጦርነት አራዘመው።

አሁን ከዚህ ጉባኤ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ የ2012 ዓ.ም. የዋንጫ ድልድል፥ የተደረገውና ያልተደረገው ጨዋታ፥ የነበሩት ተጫዋቾች ቃል በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ በቤተ መጻሕፍታችን እንዲቀመጥ ነው። አሸናፊ ያልተገኘለት ዓመት ቶሎ ይረሳል፤ በዚያ ዓመት የተጫወቱት ግን በሕይወት አሉ፥ ብዙዎቹም ሩቅ አይደሉም። የታሪክና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቢተባበሩን ከጊፋታ በፊት ሥራው ያልቃል ብለን እንገምታለን። ሁለተኛው፥ የፋኩልቲዎቻችን ውድድር በነጥብ መሆኑ ቀርቶ በጥሎ ማለፍ እንዲሆን ነው። የኢንጂነሪንግ ልጆች በተጫዋች ብዛት ስለሚበልጡን በነጥብ ማሸነፋቸው የማይቀር ነውና፥ እንደሚቃወሙን ከወዲሁ ይታየናል። መልሳቸውን ለመስማት ዝግጁ ነን፤ ክቡር ሊቀ መንበር፥ መድረኩን ለጥያቄ እንለቃለን።