ደረቴ ሲወጋኝ

እህቶቼ፣ ትንፋሼ ገና ስለሆነ ብዙ አላወራም።

አጅማን ልብስ ስተኩስ ነው ድንገት የወጋኝ። ሻርጃ ሆስፒታል ሲያዩኝ አየር ከሳንባዬ አምልጦ ደረቴ ውስጥ ገብቷል፣ ሳንባዬ ተኮማትሯል። ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ በጎኔ ቱቦ አስገቡልኝ።

ቱቦው ከወጣ አምስት ሳምንቱ ነው። ቦታው ይደነዝዛል፣ አንዳንዴ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ሳስነጥስማ አይጣል ነው! ሌሊት ሌሊት «ሳንባዬ ደግሞ ሊሄድ ነው» እያልኩ አለቅስ ነበር። ዶክተሩ ግን በጎድን አጥንቶች መሃል ያለው ነርቭ ተነክቶ ነው፣ ወራት ሊቆይ ይችላል አለኝ። ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ እንድስል ያስተማረችኝ አንዲት የኬረላ ነርስ ናት፣ ትባረክ።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ድንገት የሚወጋና ትንፋሽ የሚያሳጥር። ያኔ ማዳም እስክትነቃ አትጠብቁ፣ 998 ደውሉ፣ አምቡላንስ ነው።

ኤጀንሲው ደግሞ «ካልቻልሽ አገርሽ ግቢ» ብሎ ቲኬት ሊቆርጥልኝ ነበር። ደረት ውስጥ የቀረ አየር ካለ አውሮፕላን ከፍ ሲል ይሰፋል። ራጅ ታይቶ ዶክተር እስኪፈቅድ አልሄድም አልኩ። በፈረንጆቹ 2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሐኪም ወረቀት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፣ የመጀመሪያው 15 ቀን ከነደሞዙ።

ወረቀቱን ወዲያው ፎቶ አንሱት። የእኔን ማዳም ቦርሳዋ ውስጥ ከታው፣ ለምኜ እስክቀበላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።