ስለ ኮምፒዩተር ቀፎ ጭረት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል ሲሰጠን፣ ስለ ሥልጣኔ ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም እንናገራለን ብላችሁ እንደምትጠብቁ እናውቃለን። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ይኸውም በኮምፒዩተር ቀፎ ላይ የሚታይ ጭረት ነው። ነገሩ ቢያስቃችሁ አንቀየምም፤ ሆኖም በዚህ ትንሽ ጭረት ምክንያት አንድ ታናሽ ወንድማችን ባላጠፋው ጥፋት ተቀጥቶበታልና እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታደምጡን እንለምናለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን የኮምፒዩተሩ ክፍል ከታችኛው ሕንፃ ወደ ላይኛው ተዛወረ፤ ዕቃውን የማጓጓዙም ሥራ ለእኛ ተሰጠን። ከሰዓት በኋላ የኳስ ግጥሚያ ስለ ነበረብን ቶሎ ለመጨረስ ስንል ቀፎዎቹን ያለ አንዳች ጨርቅ በጋሪ ላይ ደራርበን ገፋናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ከደረስን በኋላ ብናይ በአንዱ ጥቁር የላሜራ ቀፎ ጎን ላይ ስንዝር የሚያህል ነጭ ጭረት ወጥቶበታል። ኮምፒዩተሩን ስንከፍተው ግን እንደ ወትሮው ሠራ።

በዚያን ሰዓት ሄደን ለክፍሉ ኃላፊ ብንነግራቸው ኖሮ ነገሩ በአንድ ተግሣጽ ባለቀ ነበር። እኛ ግን የተጫረውን ጎን ወደ ግድግዳው አዞርነው። በማግስቱም በምሳ ሰዓት ተመልሰን፣ አንዳችን የጥርስ ሳሙና፣ ሌላችን ብርጭቆ ወረቀት አምጥተን እንፈትገው ጀመር። አንድ ቀጭን መስመር የነበረው ጭረት መዳፍ የሚያህል ጠባሳ ሆነ። ከሳምንት በኋላ ኃላፊው ሲያዩት፣ በዚያ ወንበር ላይ ዘወትር የሚቀመጠው የ9ኛ ክፍል ተማሪ አደረገው ተብሎ ልጁ ለሁለት ሳምንት ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ተከለከለ። እኛም ዝም አልን።

ጭረት በምን ዓይነት መንገድ እንደሚያዝ ያን ጊዜ አላወቅንም። ኋላ ግን ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ባጭሩ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ፣ የታየው ነገር በእርግጥ ጭረት መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጭረት የሚመስለው፣ ሌላ ዕቃ ሲታከክ ትቶት የሄደው ቀለም ወይም እድፍ ነው። ስለዚህ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ከኤሌክትሪክም ነቅሎ፣ በጥቂት ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። ውኃ በቀፎው ላይ ፈጽሞ አይረጭም። ከዚያ በኋላም ካልለቀቀ በጥፍር ይዳሰሳል፤ ጥፍርን ካልያዘ ጭረቱ ላይ ላዩን ነው፤ ከያዘ ግን ጥልቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀፎው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይገባል። ቀለም የተቀባ ላሜራ ከሆነና ጭረቱ ላይ ላዩን ከሆነ፣ ጥቂት የመኪና ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ቢታሽበት ይደበዝዛል። ጭረቱ እስከ ብረቱ ከዘለቀ ግን እርጥበት ሲያገኘው ሊዝግ ስለሚችል ክረምት ሳይገባ በተመሳሳይ ቀለም መሸፈን ይሻላል። ይህም ሲደረግ የጎኑ ክዳን በካቻቢቴ ተፈትቶ ከማሽኑ ርቆ መሠራት አለበት። ምክንያቱም ከብረት የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መገናኘት የማይገባቸውን የኤሌክትሪክ መስመሮች አገናኝቶ ማሽኑን ያበላሸዋል። እኛ ግን ክዳኑን ሳንፈታ ነበር የፈተግነው። ጭረቱ ያላቆመውን ማሽን እኛው ልናቆመው ምንም አልቀረንም ነበር።

ፕላስቲክ ሲሆን ደግሞ፣ የሚያብለጨልጨው ዓይነት ለፕላስቲክ በተሠራ ማወልወያ ሊሻሻል ይችላል። ሸካራው ዓይነት ግን ሲፈተግ ሸካራነቱ ይጠፋና በመካከሉ የሚያብረቀርቅ ቦታ ስለሚቀር መተው ይበጃል። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙውን የቀፎ ፕላስቲክ ያሟሟዋልና ወደዚያ ከቶ አይጠጋ።

ባለቀለም አሉሚኒየም ከሁሉ ይለያል። ቀለሙ ከላይ የተቀባ አይደለም። ብረቱ በአሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍበት የራሱ ገጽ ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለወጣል፤ ማቅለሚያውም በዚያ ሽፋን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል። ሽፋኑ አንድ ጊዜ ከተላጠ የብረቱ ነጭ መልክ ይታያል፤ መፈተግም ነጩን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቁሩ አይፎን 5 ሲወጣ ገዢዎች ስለ ጭረቱ ባመለከቱ ጊዜ፣ ከአፕል ኩባንያ የተሰጠው መልስ አሉሚኒየም በአገልግሎት ብዛት መጫሩ የተለመደ ነው የሚል ነበር።

እንግዲህ ጭረት ሁሉ ጉዳት አይደለም። የሚነበበውን ከጋረደ፣ ዝገት ካስከተለ ወይም ቀፎውን ከሰነጠቀ መጠገን አለበት። መልክን ብቻ የነካ ከሆነ ግን እንዳለ ቢተው ማሽኑ ሥራውን አያጓድልም። የአገራችን የብራና ጸሐፊዎች ቆዳው ሲፋቅ ቢቀደድባቸው በክር ይሰፉት ነበር፤ ቀዳዳ በቀረበትም ቦታ ዙሪያውን ይጽፉ ነበር። ስፌቱ ዛሬም በጥንታውያኑ መጻሕፍት ላይ ይታያል፤ ጽሑፉም ይነበባል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። የልጁ ቅጣት ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ደብተሩን ይዞ ወደ እኛ መጣና ጓደኞቹ በማሽኑ ላይ የተማሩትን በወረቀት እንድናሳየው ለመነን። ከሁሉ ይልቅ እኛን አምኖ መምጣቱ አሳፈረን። ያን ዕለት ማታ ተማክረን፣ በነጋታው ሁላችንም ወደ ኃላፊው ሄድንና እውነቱን ተናገርን። እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ክዳኑን ቀለም ይሸፍነዋል፤ የልጁን ሁለት ሳምንት ግን በምን ትሸፍኑታላችሁ?» አሉን። የምንመልሰው አጣን።

ከዚያም በክፍሉ ተማሪዎች ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቅን፤ ኃላፊውም በበኩላቸው ሳያጣሩ ስለ ቀጡት አዝነው ነገሩት። የቀለሙን ዋጋ አዋጥተን ክዳኑን ፈትተን ቀባን፤ ያመለጠውንም ትምህርት በየቅዳሜው አስጠናነው። ቀለሙ ከቀድሞው ጋር በትክክል አልገጠመም። ቢሆንም ያ ጎን ዛሬ ወደ ግድግዳው አልዞረም፤ ወደ ክፍሉ የገባ ሁሉ ያየዋል።

ታናናሾቻችን ሆይ፣ እኛ በዚህ ዓመት እንሄዳለን፤ ኮምፒዩተሮቹ ግን ለእናንተ ይቀራሉ። ስታጓጉዙ አንዱን ለሁለት ያዙ፤ በመካከላቸውም ጨርቅ አድርጉ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ቢጫርባችሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት ከመፈለጋችሁ በፊት በዚያኑ ሰዓት ሄዳችሁ ለሚመለከተው ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።